ስንት ነበሩ?

ሰኔ 27 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ከ14 ደቂቃ። የአሜሪካ የአየር ትንበያ አገልግሎት ለቴክሳሷ ከር አውራጃ የደራሽ ጎርፍ ማስጠንቀቂያ ያወጣው በዚህ ሰዓት ነበር። አብዛኛው ሰው ተኝቷል። ሀንት በምትባለው መንደር አጠገብ የጓዳሉፔ ወንዝ በ45 ደቂቃ ውስጥ 8 ሜትር ያህል ሽቅብ ወጣ። በወንዙ ግራና ቀኝ የልጆች የበጋ ካምፖች፣ የኪራይ ጎጆዎች፣ ተጎታች ቤት እየጎተቱ የሚመጡ እንግዶች የሚያርፉባቸው ሜዳዎች ተደርድረዋል። የሚነጋው ቀን የአሜሪካኖች የነፃነት በዓል ስለሆነ ቦታው ሁሉ በእንግዳ ተሞልቶ ነበር።

ሲነጋ ፍለጋ ተጀመረ፤ ከፍለጋው ጋር ቆጠራም።

በ1926 በተመሠረተው የልጃገረዶች ካምፕ፣ በካምፕ ሚስቲክ፣ የጠፉት ልጆች ቁጥር በዚያው ቀን ተነገረ፤ ከ23 እስከ 25። (ይህ 1926ም ሆነ ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) በማግስቱ 27 ተባለ። ጎርፉ ከደረሰ ከሦስት ቀን በኋላ ካምፑ ራሱ 27 ልጆችና ወጣት ተንከባካቢዎች መሞታቸውን በሐዘን አረጋገጠ። የትኛዋ ልጅ በየትኛው ቤት እንደተኛች ይታወቅ ነበር። «በብል ኢን» ከሚባለው ቤት 13 ትናንሽ ልጆችና 2 ተንከባካቢዎቻቸው ሞተዋል፤ ከዚያ ቤት በሕይወት የወጣ የለም።

ከካምፑ አጥር ውጭ የነበረው ቆጠራ ግን ሌላ ነበር። ጎርፉ ከደረሰ ከአራት ቀን በኋላ የክልሉ ገዥ በከር አውራጃ 161 ሰዎች የደረሱበት እንደማይታወቅ ተናገሩ። ወደ አሥር ቀን ግድም ካለፈ በኋላ፣ ጁላይ 19፣ ያ ቁጥር ወደ 3 ወረደ። ልዩነቱን ያመጡት የተገኙ አስከሬኖች አይደሉም። ከስም ዝርዝሩ የተሰረዙት አብዛኞቹ በሰላም ያሉ ሰዎች ነበሩ። ጎጆ የተከራየው ሰው ስሙ ተመዝግቧል፤ አብረውት ያደሩት አልተመዘገቡም። የተጎታች ቤቱ ባለቤት ከፍሏል፤ ከመሸ በኋላ ስንት ዘመድ እንደመጣበት ግን የሚያውቅ የለም። እናም ውሻ፣ ጀልባና ሄሊኮፕተር የያዙ ፈላጊዎች ቤታቸው ቁጭ ብለው ቡና የሚጠጡ ሰዎችን ጭምር በጭቃ ውስጥ ሲፈልጉ ሰነበቱ።

ሁለቱን ቆጠራዎች የለያቸው የውሃው ኃይል አልነበረም፤ አንድ ተራ ወረቀት ነው። ማን መጣ፣ ማን የት አደረ፣ ዛሬ ማታ ስንት ነን የሚል ወረቀት።

በካምፕ ሥራ ዙሪያ ለዓመታት ሲደጋገም የኖረው አስተሳሰብ ይህንን ወረቀት የሚንቅ ነው። በየዓመቱ የተገኙ ልጆችን ቁጥር ሪፖርት ማድረግ፣ በየዓመቱ ፈቃድ ማደስ፣ ተቆጣጣሪ መቀበል፣ ቅጽ መሙላት፣ ይህ ሁሉ የቢሮ ሰው የፈጠረው ውጣ ውረድ ነው ይባላል። ካምፕ የሚቆመው በመተማመን ነው፤ ልጆቹን የሚጠብቃቸው ማኅተም ሳይሆን ጥሩ ሰው ነው፤ ወረቀት ሕፃን አድኖ አያውቅም። ይህንን የሚሉት ክፉ ሰዎች አይደሉም። ከአያት እስከ የልጅ ልጅ አንድ ካምፕ ሲመሩ የኖሩ ቤተሰቦች፣ ለደሃ ልጆች በነፃ የሚሠሩ የቤተ ክርስቲያን ማኅበራት፣ የሚኒስትር አማካሪዎች፣ ወላጆችም ጭምር ናቸው። አስተሳሰቡ ግን ስህተት ነው፤ ስህተቱም የሕይወት ዋጋ ያስከፍላል።

ተቃዋሚዎቹ አንድ ጠንካራ ማስረጃ አላቸው፤ አለማንሳት አይገባም። ካምፕ ሚስቲክ ፈቃድ ነበረው። የክልሉ ጤና መሥሪያ ቤት ተቆጣጣሪ ካምፑን የፈተሸው ጎርፉ ከመድረሱ ሁለት ቀን በፊት ነው። በሁለቱ ግቢዎች 557 ልጆችና ከ100 በላይ ሠራተኞች እንደነበሩ መዝግቧል፤ አንድም ጉድለት አላገኘም። ለአደጋ ጊዜ የተዘጋጀ ዕቅድ መኖሩንም አረጋግጧል። ታዲያ ይህ ሁሉ ወረቀት ምን ፈየደ? ይላሉ።

ጥያቄው ተገቢ ነው። የስም ዝርዝሩ እነዚያን ልጆች አላዳናቸውም፤ ሌላ መስሎ ማቅረብ ነውር ይሆናል። ዝርዝሩ ያደረገው ፈላጊዎቹ ማንን እንደሚፈልጉ ማሳወቅ፣ ወላጆችም በ161 ጥርጣሬ ውስጥ እንዳይሰነብቱ ማድረግ ነው። ይህም ትንሽ ነገር አይደለም። የፈቃዱ ጉዳይ ግን ሌላ ነው። ተቆጣጣሪው የተላከው ዕቅድ «አለ ወይስ የለም» ብሎ ምልክት እንዲያደርግ ነበር። አለ፤ ምልክት አደረገ፤ ሄደ። ከልጆቻቸው ሞት በኋላ ፍርድ ቤት የሄዱ ወላጆች በክሳቸው እንዳቀረቡት፣ የካምፑ መመሪያ ጎርፍ ሲመጣ በዝቅተኛው ቦታ ያሉ ልጆች ካልተነገራቸው በቀር ቤታቸው እንዲቆዩ የሚያዝ ነበር። «ዕቅድ አላችሁ?» ብሎ መጠየቅና «ዕቅዳችሁ ምን ይላል?» ብሎ መጠየቅ የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ። አንድ ሐኪም በሽተኛውን ሳያይ «ሐኪም ቤት መጥቷል» ብሎ ቢፈርም፣ መፍትሔው ሐኪም ቤቱን መዝጋት አይደለም።

ወረቀት ራሱ እንዴት ሊጣመም እንደሚችልም ከዚያው ካምፕ ታይቷል። የፌዴራሉ የአደጋ መከላከል መሥሪያ ቤት በ2011 የካምፑን ቦታ ለጎርፍ ከተጋለጡ ቦታዎች ካርታ ውስጥ አስገብቶት ነበር። በ2013፣ በ2019 እና በ2020 በቀረቡ አቤቱታዎች ግን 30 ሕንፃዎች ከካርታው እንዲወጡ ተደርጓል። ቤቶቹ ካሉበት አልተነቃነቁም፤ ወንዙም መንገዱን አልቀየረም። የተነሳው መስመሩ ብቻ ነው። ስለዚህ ፈቃድ ሰጪው «ካርታው ላይ የለም» ብሎ ማለፍ ይችል ነበር ማለት ነው። ወረቀት የሚጠሉ ሰዎች ይህንን እንደ ድል ያነሱታል። እውነቱ ግን ተቃራኒው ነው፤ እዚህ የጎደለው ጥያቄ የሚጠይቅ ወረቀት ነበር።

«ጥሩ ሰው ይበቃል» የሚለውን ደግሞ ያው ሌሊት መልሶለታል። የካምፕ ሚስቲክ ባለቤት ዲክ ኢስትላንድ ለአሥርት ዓመታት በልጆቹና በወላጆቻቸው የተወደዱ ሰው ነበሩ፤ በዚያ ሌሊት ልጆቹን ለማውጣት ሲሞክሩ ሞተዋል። ከዚህ በላይ ደግነት ከየት ይመጣል? ደግነታቸውን የሚጠራጠር የለም፤ ልጆቹ የተኙበትን ቦታ ግን ደግነት አልለወጠውም።

በዚያው ወንዝ ዳር፣ በዚያው ሌሊት፣ ሞ-ራንች በሚባለው የቤተ ክርስቲያን ግቢ ግን የሕንፃ ጥገና ኃላፊው ከሌሊቱ 7 ሰዓት ገደማ የወንዙን መነሳት አየ። የግቢው ሰዎች የመንግሥት ትእዛዝ አልጠበቁም፤ ወዲያው ተንቀሳቀሱ፤ ወደ 70 የሚጠጉ ልጆችና አዋቂዎች ከፍ ወዳለ ቦታ ተወሰዱ። ከዚያ ግቢ የሞተ የለም። «አያችሁ፣ አስተዋይ ሰው እንጂ ቅጽ አላዳናቸውም» የሚሉ አሉ። አዎ፣ አንድ ሰው ነቅቶ ነበር። የዓመታዊ ፈቃድ ሥራ ግን ይኸው ነው፤ የአንድ ሰው መንቃት የዕድል ጉዳይ እንዳይሆን ማድረግ። ማን ሌሊት ይነቃል? ውሃው የት ሲደርስ ማንን ይቀሰቅሳል? ልጆቹ በየትኛው መንገድ ይወጣሉ? ስንት ናቸው? እነዚህን ሰው ከመሞቱ በፊት፣ ፀሐይ በወጣበት፣ ተረጋግቶ መጠየቅ የሚችለው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እምቢ ማለት የሚችል ተቆጣጣሪ።

ጓዳሉፔ ይህንን ትምህርት ከዚያ በፊትም ሰጥቶ ነበር። በጁላይ 1987 በዚያው ወንዝ፣ ከምፈርት አጠገብ፣ ከአንድ የክርስቲያን ካምፕ ልጆችን ጭነው የሚወጡ መኪኖች ጎርፍ ውስጥ ገብተው 10 ታዳጊዎች ሞተዋል። ከዚያ ጎርፍ እስከ ካምፕ ሚስቲክ ጎርፍ 38 ዓመት አለ። ቴክሳስ ካምፖች የአደጋ ዕቅዳቸውን በየዓመቱ ለክልሉ እንዲያቀርቡ፣ ጎርፍ በሚተኛበት ሜዳ ላይ ማደሪያ ቤት ያለው ካምፕ ፈቃድ እንዳያገኝ፣ ወላጆችም አደጋው እንዲነገራቸው የሚያዝ ሕግ ያወጣችው በሴፕቴምበር 2025 ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

እንግሊዞች ከዚህ ቀድመው ነቅተዋል ቢባልም እነሱም ያለ ሬሳ አልነቁም። በማርች 22፣ 1993፣ ከፕሊመዝ የመጡ ስምንት ተማሪዎች፣ አንድ አስተማሪና ሁለት አሠልጣኞች በላይም ቤይ ባሕር ላይ በትንንሽ የቀዘፋ ጀልባ ወጡ። ለምሳ ቻርማውዝ ይደርሳሉ ተብሎ ነበር። ምሳ ሰዓት አለፈ። የባሕር ጠባቂዎች የተጠሩት ከሰዓታት በኋላ ነው። አራት ተማሪዎች ሞቱ። ከዚያ በፊት ሁለት የማዕከሉ አሠልጣኞች ለሥራ አስኪያጁ በጻፉት ደብዳቤ የደኅንነት ጉዳይ ካልተስተካከለ አንድ ቀን ሰው እንደሚሞት አስጠንቅቀው ነበር። ሥራ አስኪያጁ ታሰረ፤ ድርጅቱም በእንግሊዝ ታሪክ በነፍስ ማጥፋት የተፈረደበት የመጀመሪያው ኩባንያ ሆነ። በ1995 ለወጣቶች የጀብድ ማዕከላት ፈቃድ የሚያስገድድ ሕግ ወጣ።

አሥራ አምስት ዓመት አለፈና ምን ተባለ? በ2010 ሎርድ ያንግ የሚባሉ ባለሥልጣን ለጠቅላይ ሚኒስትር ዴቪድ ካሜሮን ባቀረቡት ዘገባ ያ ፈቃድ እንዲሰረዝና በምትኩ የሥነ ምግባር ደንብ እንዲቀመጥ መከሩ። ምክንያቱም የታወቀው ነው፤ ቢሮክራሲ በዝቷል፣ ማስተዋል ይበቃል። ፈቃዱ ከተጀመረ ወዲህ ያለው ጸጥታ ራሱ ፈቃዱ አያስፈልግም የሚያሰኝ ይመስላል። ጣራ ስላለ ዝናብ አልገባም፤ ዝናብ ስላልገባ ጣራው አያስፈልግም! ምክሩ ተፈጻሚ አልሆነም፤ ፈቃዱ ዛሬም ይጠየቃል። አስተሳሰቡ ግን አልሞተም፤ ወጪ በተቆረጠ ቁጥር ብቅ ይላል።

ከሁሉም በላይ ይህንን ክርክር የሚዘጋው ከኮሪያ የመጣ ታሪክ ነው።

ከሴኡል ደቡብ ምዕራብ በምትገኘው ህዋሶንግ፣ ባሕር ዳር፣ ሲላንድ የሚባል የወጣቶች ማሠልጠኛ ማዕከል ነበር። ምድር ቤቱ ኮንክሪት፣ ከዚያ በላይ ያሉት ፎቆች ደግሞ የመርከብ ዕቃ የሚጫንባቸው 52 ኮንቴይነሮች ናቸው። የወረዳው መሥሪያ ቤት የሴቶች ደኅንነት ክፍል ኃላፊ ሊ ጃንግ-ዶክ የምትባል ሴት ነበረች። የማዕከሉ የፈቃድ ማመልከቻ ጠረጴዛዋ ላይ ሲደርስ አልፈርምም አለች። ከአለቆቿ ግፊት መጣባት፤ ጉቦ ቀረበላት፤ ዱርዬዎች አስፈራሯት። አልፈረመችም። የሆነውን ሁሉ በማስታወሻ ደብተሯ ትጽፍ ነበር። በመጨረሻ ወደ ሌላ ክፍል አዛወሯት፤ ፈቃዱም ተሰጠ።

በ1999 ጁን 30 ሌሊት እሳት ተነሳ። ከ500 በላይ ሰው በዚያ ሕንፃ ውስጥ ተኝቶ ነበር፤ አብዛኞቹ የመዋዕለ ሕፃናት ልጆች። 19 ሕፃናትና 4 አዋቂዎች ሞቱ። ከሕፃናቱ 18ቱ የአንድ መዋዕለ ሕፃናት ልጆች ናቸው፤ በክፍል ቁጥር 301 አብረው ተኝተው ነበር። የሊ ማስታወሻ ደብተር ለመርማሪዎች ማስረጃ ሆነ፤ ባለሥልጣናት ታሰሩ።

«ማኅተም ሕፃን አያድንም» የሚለው ሰው እዚህ ላይ ቆም ማለት አለበት። አንድ ማኅተም ከሊ መሳቢያ አልወጣም ነበር፤ እስካልወጣ ድረስ ሲላንድ በሕግ ፊት ባዶ ሕንፃ ነበር። ሰዎቹ ያንን ማኅተም ለማግኘት ገንዘብና ዱላ ማውጣታቸው ራሱ ዋጋውን ይናገራል። ከንቱ ነገር ለማግኘት ማንም ጉቦ አይከፍልም። ኮሪያ ከዚያም በኋላ ሙሉ በሙሉ አልተማረችም። በ2013 ታየአን በሚባል ባሕር ዳር፣ ብቃት በሌላቸው አሠልጣኞች በሚመራ ካምፕ፣ 5 የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ያለ ሕይወት ማዳኛ ጃኬት ባሕር ውስጥ እንዲገቡ ተደርገው ሞቱ። አዳሪ የወጣቶች ፕሮግራም አስቀድሞ ለመንግሥት ሪፖርት እንዲደረግ የሚያስገድደው ሕግ የመጣው በዚያው ዓመት ነው።

አሜሪካ እስካሁን እዚያ እንኳን አልደረሰችም። በ1965 የ15 ዓመት ልጁ በካምፕ የታንኳ ጉዞ ላይ ሜይን ውስጥ የሞተበት አንድ የኮነቲከት አባት ለዓመታት የኮንግረስ ደጅ ጠንቷል፤ ለመላው አገር የሚሠራ የካምፕ ደኅንነት ሕግ እንዲወጣ። ረቂቁ ደጋግሞ ቀረበ፤ ሕግ ግን አልሆነም። ዛሬም ጉዳዩ የክልሎች ነው፤ አንዱ ክልል በየዓመቱ ይፈትሻል፣ ሌላው ከነጭራሹ ፈቃድ አይጠይቅም። ስንት ልጅ ካምፕ እንደገባና ስንቱ እንደተጎዳ በአገር ደረጃ የሚቆጠርበት አስገዳጅ መዝገብም የለም። ይህ ደግሞ ተራ የሚመስለው የዓመታዊ ቁጥር ሪፖርት ዋና ጥቅሙ ምን እንደሆነ ያሳያል። አንድ ካምፕ በዓመት 10 ልጆች ተጎዱብኝ ቢል ምን ማለት ነው? 100 ልጆች ነበሩት ከተባለ ጉድ ነው፤ 5000 ከነበሩት መልካም ነው። የተገኙትን ቁጥር ያላወቀ ሰው ስለ አደጋ የሚናገረው ሁሉ ወሬ ነው።

ቁጥሩ ሲኖር ምን እንደሚቻል በጁን 2020 ጆርጂያ ውስጥ ታይቷል። በኮሮና ጊዜ የተከፈተ አንድ አዳሪ ካምፕ ውስጥ አንድ ታዳጊ ሠራተኛ ብርድ ብርድ ብሎት ግቢውን ለቀቀ፤ በማግስቱ ቫይረሱ ተገኘበት፤ በቀናት ውስጥ ካምፑ ተዘጋ። የጤና ባለሙያዎቹ በእጃቸው የተሳታፊዎች ዝርዝር ነበር፤ 597 የጆርጂያ ነዋሪዎች። ከእነዚህ ውስጥ የምርመራ ውጤት የተገኘው ለ344 ሲሆን 260ዎቹ ተይዘው ተገኙ። ልጆች በቫይረሱ ብዙም አይያዙም፣ አያስተላልፉም ይባል በነበረበት ወቅት ይህ ውጤት ብዙ ሰው አስደንግጧል። ይህን ሁሉ ለማወቅ የተቻለው ማን እንደነበረ የጻፈ ሰው ስለነበረ ነው። ካምፑ የተሳታፊዎቹን ስም ጽፎ ባይይዝ ኖሮ ያ በሽታ ወደየቤቱ ሲገባ የሚያውቅ አይኖርም ነበር።

ቆጠራ የቢሮ ሥራ ብቻ የሚመስለው ሰው አንድ የካምፕ ሐይቅ ዳር ሄዶ ይቁም። በኒውዮርክ ክልል ለምሳሌ፣ ፈቃድ በየዓመቱ በሚታደስበትና ካምፑ በዓመት ሁለት ጊዜ በሚፈተሽበት፣ ከጀልባ መቆሚያው አጠገብ አንድ የእንጨት ሰሌዳ ይሰቀላል። በላዩ ላይ ብዙ ምስማር፣ በየምስማሩ ላይ የልጅ ስም ያለበት ክብ ካርድ። ልጁ ወደ ውሃ ሲገባ ካርዱን ወደ ሌላኛው ፊት ያዞራል፤ ሲወጣ ይመልሳል። ማንም ብቻውን አይገባም፤ ጓደኛ ይመደብለታል። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ፊሽካ ይነፋል፤ ጥንዶቹ ካሉበት እጅ ለእጅ ተያይዘው ወደ ላይ ያነሳሉ፤ ጠባቂው በውሃው ላይ ያሉትን ይቆጥራል፤ ሌላው ሰሌዳው ላይ ያሉትን። ሁለቱ ቁጥሮች እኩል ካልሆኑ ሐይቁ ይለቀቃል፤ ሁሉም ይወጣል። አንድ ልጅ ካርዱን ሳያዞር ሽንት ቤት ሄዶ ሊሆን ይችላል፤ ብዙ ጊዜም ይኸው ነው። ጠባቂው ግን «ሽንት ቤት ይሆናል» ብሎ እንዲያስብ አይፈቀድለትም።

ይህ ለሐበሻ እንግዳ ነገር አይደለም። ከደብረ ሊባኖስ የሚመለስ የጉዞ ማኅበር አውቶቡስ ያየ ሁሉ ያውቀዋል። አስተባባሪው በሩ ላይ ቆሞ «ከጎናችሁ የጠፋ አለ?» ይላል። «የለም! ሙሉ ነን!» የሚል ጩኸት ይመጣል። ሾፌሩ ሞተሩን አስነስቷል። ጎበዙ አስተባባሪ ግን በጩኸቱ አይታለልም፤ በመተላለፊያው እየሄደ ወንበር በወንበር በጣቱ ይቆጥራል። ጸበል ሊቀዳ ወርዶ የቀረው ልጅ የሚገኘው ያኔ ነው። ያንን አስተባባሪ «ቢሮክራት» ያለው ሰው ተሰምቶ አይታወቅም። እረኛም ማታ ከብቱን ቆጥሮ ነው የሚያስገባው።

ታዲያ ይኸው ሕዝብ ዋሽንግተን፣ ዳላስ ወይም ሎንዶን ሲገባ በገዛ ደብሩ ለሚከፍተው የልጆች የክረምት ትምህርት ለምን መዝገብ ይረሳል? አዳራሹ በልጅ ይሞላል፤ አስተማሪዎቹ ከሥራ ወጥተው የሚመጡ በጎ ፈቃደኞች ናቸው፤ አማርኛ፣ መዝሙር፣ ቅዳሜ ደግሞ ወደ መናፈሻ ጉዞ። ልጁን ማን አምጥቶ ማን እንደወሰደው የሚጻፍበት ወረቀት ግን ብዙ ጊዜ የለም፤ «ሁላችንም ዘመዳሞች ነን» ተብሎ። በብዙ ቦታ ሕጉ የሃይማኖት ተቋማትን በከፊል ነፃ ያደርጋቸዋል፤ በቨርጂኒያ ለምሳሌ ከመደበኛው ፈቃድ ነፃ የሚሆኑት የሃይማኖት ሕፃናት ማቆያዎች በየዓመቱ ሰነድ ያስገባሉ። ነፃ መሆን ሳይቆጥሩ ለመዋል የተሰጠ ፈቃድ ተደርጎ ይታያል። ውሃ ግን ዘመድ አይለይም።

ስለ ገንዘብም ሳይነሳ መቅረት የለበትም፤ ተቃዋሚዎቹ በዚህ በኩል ግማሽ እውነት ይዘዋል። የቴክሳስ ካምፕ ባለቤቶች አዲሱ ሕግ የሚያስከትለው ወጪ ሊዘጋን ይችላል ብለው ለክልሉ ምክር ቤት ተናግረዋል። ለ30 ልጆች የሚሠራ የገጠር ካምፕና 600 ልጅ የሚያሳድር ካምፕ አንድ ዓይነት ክፍያና አንድ ዓይነት መሣሪያ ቢጠየቁ በእርግጥ ትንሹ ይወድቃል፤ ትልቁ ይቀራል። ይህን ማስተካከል የሚቻለው ግን በምን መሠረት ነው? በየዓመቱ በሚቀርበው የልጆች ቁጥር። ክፍያው በራስ ተቆጥሮ እንዲሆን የሚፈልግ ሰው ራስ መቁጠርን ሊጠላ አይችልም። ቁጥሩን ሪፖርት ማድረግ ራሱ ደግሞ ምንም አያስወጣም፤ እስክሪብቶ፣ ወረቀትና ማታ ማታ አልጋ በአልጋ የሚሄድ አንድ ሰው ይበቃል።

መታገል የሚገባው ከሌላ ነገር ጋር ነው፤ የአምናውን ቅጽ ቀኑን ብቻ ቀይሮ ከሚያስገባው ካምፕና ሳያነብ ከሚያትመው ቢሮ ጋር። የአምናው ቁጥር ዘንድሮ ተገልብጦ ከመጣ፣ ዕቅዱ ውስጥ የተጠቀሰው ሠራተኛ ከሁለት ዓመት በፊት ከለቀቀ፣ ልጆቹን ያወጣል የተባለው መንገድ ወንዙን የሚያቋርጥ ከሆነ፣ ያ ማመልከቻ መመለስ አለበት። ለዚህ ደግሞ የሚያስፈልገው ቅጽ መቀነስ ሳይሆን ቅጹን የሚያነብ፣ ሲያስፈልግም እንደ ሊ ጃንግ-ዶክ አልፈርምም የሚልና ስላልፈረመ የማይዛወር ሰው ነው።

እስከዚያው ወላጅ ቢሮ አይጠብቅ። ልጁን ለማድረስ ሲሄድ፣ ሻንጣው ከመኪናው ሳይወርድ፣ ኃላፊውን አንድ ነገር ብቻ ይጠይቅ፤ ዛሬ ማታ እዚህ ስንት ልጆች ያድራሉ? መልሱ በ«ገደማ» ካለቀ ሻንጣውን አያውርድ።